ቦራን የጫነች የዳቦ መኪና

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

ዳቦ የለባትም። ዛሬ ይህን ቃል መቶ ጊዜ ሳልናገረው አልቀረሁም። መኪናዋን ከመጋዘን ጎትተን ስናወጣት፣ በሁለቱም ጎኗ በቀይ ቀለም «ትኩስ ዳቦ» የሚል ስለተጻፈባት፣ አደባባዩ ጋ ሳንደርስ ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። የአሰበ ተፈሪ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ የምን ሰልፍ እንደሆነ የሚጠይቀው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። በሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። ውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች። አንዱ ሰውዬ ተስፋ ሳይቆርጥ «እሷስ ትሸጣለች?» አለኝ።

መኪናዋ ከተወረሰ ፉርኖ ቤት የመጣች ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትወረስ ኖረች፤ መጀመሪያ በመንግሥት፣ ቀጥሎ በአቧራ፣ በመጨረሻ በዶሮ።

ትእዛዙን ያመጡልኝ የአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ በላቸው ናቸው። «ይህ ተሽከርካሪ በስድስት ቀናት ውስጥ ወደ ፈረስ ማመላለሻነት እንዲሸጋገር ተወስኗል» ይላል ወረቀቱ። አገሪቱ ለመሸጋገር ስንት ዓመት እንደተሰጣት አላውቅም። ለእኔና ለዳቦ መኪናዋ የተሰጠን ስድስት ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመስከረሙ በዓል ከአውራጃችን አንድ ፈረስ ከነሙሉ ጌጡ አዲስ አበባ ሰልፍ ላይ እንዲገኝ ታዟል። አምናም ልከን ነበር። ጉራቻ የሚባል፣ መልኩም እንደ ስሙ ጥቁር፣ ክፍት የጭነት መኪና ላይ ከበርሜል ጋር ቆሞ ሄደ። ቦርደዴ ሊደርስ ሲል ኩርባው ላይ የተደገፈበት የጎን ሳንቃ ተነቀለና ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። አንድ ታጣቂ በጥይት ገላገለው። ለባለቤቱ ለኦቦ ሙመ፣ ከበደሳ በላይ ቡና ለሚያለሙት ሽማግሌ፣ ልጓሙና አንድ የምስጋና ወረቀት ተላከላቸው።

ያን ሳንቃ የመታሁት እኔ ነኝ። በሚስማር። ይህን ከባለቤቴ ከአስካለ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ያወቀችው በእንቅልፌ ስለምለፈልፍ ነው።

ዘንድሮ የተመረጠው ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የጉራቻ ታናሽ፣ የኦቦ ሙመ የመጨረሻ ፈረስ። ሽማግሌው እምቢ እንደማይባል ያውቃሉ፤ እምቢም አላሉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ አሉ፦ ፈረሱ በሽፍን መኪና ይሂድ፣ መኪናውን ደግሞ አናጢው አሰፋ ይሥራው።

አሰፋ እኔ ነኝ። ሰውዬውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ዝናው በደሳ ድረስ የሚሄድ አናጢም አይደለሁም፤ ዝናዬ ከቤቴ በር አያልፍም፣ በሩም አይዘጋም። ታዲያ ለምን እኔን?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 21

የዳቦ መደርደሪያዎቹን ነቅዬ አወጣሁ። ዶሮዋ ተቃወመች።

ይቺን መኪና በፈረስ ዓይን አየኋት፦

ወለሉ ላሜራ ነው። ስስ ነው፣ ያዳልጣል፣ ኮቴ ሲያርፍበት እንደ ከበሮ ይጮኻል።
ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያነሳው ጭንቅላቱን ነው።
መደርደሪያው የተነቀለበት ቦታ ሁሉ ስለት ሆኗል።
መወጣጫ የላትም። ዳቦ በእግሩ አይገባማ።

ወለሉን በጥድ ሳንቃ ለበጥኩ፣ ከተረፈው መወጣጫ ሠራሁ። በላዩ አሮጌ ጎማ ማንጠፍ አሰብኩና ገበያ ዳር ያለው በረባሶ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሰባት ጎማ ሰንጥቆ ሰጠኝ። «ለማን እግር ነው?» አለኝ። «ለፈረስ» ስለው፣ «እሱስ ታድሏል፣ በረባሶውን ሌላ ሰው ያነጥፍለታል» አለ።

አንድ መስኮት በጎኗ አለ፤ ዳቦ ይሸጥበት የነበረ ነው። ፈረሱ ዘሎ እንዳይወጣ ብዬ በሳንቃ ዘጋሁት። በጣም ጠንቃቃ ሆኛለሁ። ዘንድሮ የማልዘጋው ቀዳዳ የለም።

ሃያ አራት ብሎን፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ጠየቅሁ። ሚስማር ከእንግዲህ በእጄ አይነካም፤ ፈረስ ሲደገፈው እየሳቀ የሚወጣ ነገር ነው። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣልኝ ወረቀት «ጥያቄዎ ተገቢ መሆኑ ታምኖበታል» ይላል። ታምኖብኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ወገቤ ተቆርጧል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22

ጓድ በላቸው ሥራውን ሊጎበኙ መጡ። በግራ እጄ መዶሻ ስይዝ አይተው «ግራኝ ነህ እንዴ? ለዘመኑ ይስማማል» አሉኝ። እናቴ በልጅነቴ ይህን እጄን ስታስርብኝ ዘመኑ እንደሚመጣ አላወቀችም።

ከዚያ መመሪያ ሰጡ። ፈረሱ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አድርጎ ይቆማል። እኔ ፍሬን ሲያዝ በግንባሩ እንዳይሄድ ሰጋሁና «ወደ ኋላ ዞሮ ቢቆምስ?» አልኩ። ጓድ በላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ጓድ አናጢ፣ ከአውራጃችን የሚላክ ፈረስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ አዲስ አበባ ይግባ ነው የምትለኝ?» አሉ። እንደዚያ ሲባል እውነትም ያስፈራል።

ስለዚህ ራሴን ጫንኩ።

ሾፌሩ ጂብሪል ነው፤ ቀጭን፣ ጉንጩ ከጫት ባዶ ሆኖ የማይታይ፣ ሃያ ዓመት በዚህ ቁልቁለት የነዳ። «ይቺ መኪና ፍሬን ስትይዝ ዱዓ አድርግ» ብሎኛል። በእጄና በጉልበቴ ወለሉ ላይ ቆምኩ፣ አንገቴን በገመድ አሰርኩ፣ የኋላውን በር ክፍት ትተን ወደ ሚኤሶ መንገድ ወረድን። መጀመሪያ ፊቴን ወደ ፊት። ጂብሪል ፍሬኑን ሲይዝ ግንባሬ የሾፌሩን ጀርባ ላሜራ መታ። እብጠቱ አሁንም አለ። ቀጥሎ ፊቴን ወደ ኋላ። በመቀመጫዬ ተደገፍኩና ቆምኩ። በመጨረሻ ፊቴን ወደ ኋላ፣ ግን በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። እሱማ አልጋ ነው! ኩርባውም ፍሬኑም አልገፋኝም። የእኛ አገር ፈረስ አጭር ስለሆነ ገብቶ ዞሮ መቆም ይችላል።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የጫት መኪና ከኋላችን ደርሶ ጡሩምባውን ነፋ። ጋቢና ውስጥ ጫት ነጋዴዋ አዴ ሐሊማ ተቀምጣለች። በአራት እግሬ ቆሜ፣ አንገቴ ታስሮ፣ ፊት ለፊት ተያየን። አንገቷን በመስኮት አወጣችና «አሰፋ! ተሸጥክ እንዴ?» አለችኝ።

ገመዱን ከአንገቴ ፈታሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

ሁለት ድል በአንድ ቀን። ሦስተኛው ይምጣ ብዬ አልጠብቅም።

ድል አንድ፦ ብሎን ጠየቅሁ፣ መፈክር መጣ። በሁለቱም ጎን ያለውን ጽሑፍ የሚሸፍኑ ሁለት የላሜራ ሰሌዳዎች፣ በላያቸው «ወደፊት!» ተብሎ ተጽፏል። «ቀለም ስለሌለ ዳቦው በዚህ ይሸፈን» የሚል ትእዛዝ አብሮ አለ። ሰሌዳዎቹን ሳገላብጣቸው ክፈፋቸው በብሎን የተያያዘ ነው። ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ አሥራ ሁለት። ሃያ አራት!

ብሎኖቹን ፈታሁና ፈረሱ በደረቱና በመቀመጫው የሚደገፍባቸውን የብረት ቱቦዎች አሰርኩባቸው። ጭድ የጠቀጠቅሁበት ጆንያም ቱቦዎቹ ላይ ጠቀለልኩ። መፈክሮቹን በሽቦ ከመኪናዋ ጋር አሰርኳቸው። ፈረሱ በብሎን፣ «ወደፊት» በሽቦ። ሕሊናዬ ሰላም ነው።

ድል ሁለት፦ አዴ ሐሊማ ሥራውን ልታይ መጣች። ልታሾፍ ነው የመጣችው፤ ግን ወደ ውስጥ አንገቷን እንዳስገባች ሳቋ ቆመ። «ስንት ሰዓት ነው የምትወርደው?» «ረፋድ ላይ።» «የሚኤሶን ሙቀት በዚህ? አንተ ሰው፣ ፈረሱን እንደ ብረት ነው የምትጭነው፤ እንደ ጫት ጫነው እንጂ።»

አስቀምጣ አስተማረችኝ። ጫት በመንገድ የሚሞተው ፀሐይ ገድሎት አይደለም፤ በገዛ ትንፋሹ ታፍኖ ነው። እርስ በርሱ ይሞቅና ይጠቁራል። ስለዚህ የጫት ሰው ከታች ቀዳዳ ይተዋል ቀዝቃዛው እንዲገባ፣ ከላይ ቀዳዳ ይተዋል ትኩሱ እንዲወጣ፣ ዙሪያውን እርጥብ ቅጠል ያለብሳል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት እስር አልሞተችብኝም» አለች። ከዚያ ሳትሰናበት ሄደች።

ከታች ሦስት፣ ከላይ አራት ቀዳዳ በመሮ በሳሁ፤ ጠርዛቸውን ወደ ውጭ አጠፍኩ። አስካለ እጄን ስታጥብልኝ «ሰው ወደ ቤቱ የሚመጣው ከነሙሉ ጣቱ ነው» አለች። አንድ ጥፍር ጎድሏል። አልቆጠርኩትም።

አርብ፣ ነሐሴ 24

ኦቦ ሙመ መጡ።

ከበደሳ ቦራን እየሳቡ በእግራቸው ነው የመጡት። «ለምን አልጋለቡትም?» ስላቸው፣ «ረጅም መንገድ አለበት፤ አላደክመውም» አሉኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ላይ ከባድ ኮረጆ አለ፤ ልቀበልዎ ብል አልሰጡኝም።

ስሜን ነገርኳቸው። እጄን ጨብጠው ትንሽ አቆዩት። ግራ እጄን ነው ያዩት።

ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገቡና ቱቦውን ነቀነቁ፣ ወለሉን ረገጡ፣ እያንዳንዱን ብሎን በጣታቸው ዳሰሱ። ሃያ አራቱንም።

«ሚስማር የለም?»
«የለም፣ ኦቦ ሙመ። ሁሉም ብሎን ነው።»
«ኤዬ» አሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው።

ያቺ «ኤዬ» እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ቦራ ግን አልገባም። መወጣጫው ላይ ሁለት እግሩን አሳረፈ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ወረደ። ስድስት ሰው ገፋው። ስድስት ሰው ወደቀ። ጓድ በላቸው ደርሰው ስለበዓሉ ትልቅነት ንግግር አደረጉ። ከተሰበሰብነው ሁሉ በጥሞና ያዳመጠው ፈረሱ ነበር፤ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ጓድ በላቸው ተናደዱ። «ደግሞ ለምንድን ነው ማሰሪያው ወደ ኋላ የሆነው? ወደፊት ይዙር!» አሉ። እኔ የግንባሬን እብጠት እንደ ማስረጃ ላቀርብ ስል ኦቦ ሙመ ቀደሙኝ። ሽማግሌው አማርኛ ሲናገሩ ለሁሉም «አንተ» ነው የሚሉት። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ፈረስ ወደፊት ወደኋላ አያውቅም። መቆምና መውደቅ ነው የሚያውቀው።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ጓድ በላቸው ኮታቸውን አስተካክለው «በሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደሚገለጽ ይታሰብበት» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

ጠዋት ኦቦ ሙመ መኪናዋ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ና ግባ፣ በሩን ዝጋው» አሉኝ። ገባሁ፣ ዘጋሁ። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች አየር እንጂ ብርሃን አይሰጡም። «አንተ ሰው ነህ» አሉ በጨለማው ውስጥ። «በር መኖሩን ታውቃለህ። ግን ፈራህ። እሱስ?»

እውነት ነው፣ ፈርቼ ነበር።

የዳቦ መሸጫውን መስኮት የዘጋሁበትን ሳንቃ ነቅዬ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አደረግሁት፤ አንገት ብቻ እንዲያስወጣ በመሐሉ አንድ ቱቦ አጋደምኩ። ብርሃን ገባ። ኦቦ ሙመ ውስጥ ቆመው «ኮቱ፣ ቦራ፣ ኮቱ» አሉት፣ ና ማለታቸው ነው። ፈረሱ ብርሃኑን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ኮቴውን ጎማው ላይ እየፈተነ ገባ። ዞረ። በሰያፍ ቆመ። በዳቦ መስኮት አንገቱን አውጥቶ አሰበ ተፈሪን እንደ ሹም ጎበኘ።

ማንም አላጨበጨበም። እንዳይበረግግ ፈራን። እኔ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የጓድ በላቸው ሪፖርት ከሰዓት ተነበበልኝ፦ «ፈረሱ በጉዞው ወቅት የተጓዘበትን መንገድ በንቃት እየገመገመ እንዲሄድ ተደርጎ ተዘጋጅቷል።» እንዲህ ያለ ሰው አናጢ ቢሆን ኖሮ ጠማማ ሳንቃ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ነገ እንወርዳለን። የመኖ ገብስ አንድ ኩንታል፣ ውሃ አንድ በርሜል፣ እርጥብ ቅጠል አዴ ሐሊማ ልካለች። ሌሊቱን ጀምረን በቅዝቃዜው ሚኤሶን እንለፍ ብልም የይለፍ ወረቀቱ የሚፈረመው ቢሮ ሲከፈት ነው። ነገ ደግሞ እሑድ ነው። ፈራሚው ቤቱ ድረስ ይለመናል።

እሑድ፣ ነሐሴ 26፣ ሚኤሶ

ይህን የምጽፈው የመኪናዋ መርገጫ ላይ ተቀምጬ ነው።

ወረቀቱ የተፈረመው ረፋድ ላይ ነው። እኔና ኦቦ ሙመ ከፈረሱ ጋር ከኋላ፣ ጂብሪል ከፊት። ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ ተነሳ። «ወደፊት!» በሽቦው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የቀኙ ተገነጠለ፣ ትንሽ ቆይቶ የግራው ተከተለው። ጂብሪል በጋቢናው ቀዳዳ «መፈክሩ ወረደ! ላቁም?» ብሎ ጮኸ። «ተወው» አልኩት፣ «ወደፊት ነው የሚለው፤ ይደርስብናል።»

ቀለደኛ ነኝ። በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በአንድ ጽሑፍ መቀጣቴን ግን ያወቅሁት ሚኤሶ ስንደርስ ነው።

ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። ማሽላው በእርሻው ላይ ደርቆ ቆሟል። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች በመንገዱ ዳርና በባቡር ጣቢያው ጥላ ተቀምጠዋል። እኛ ደግሞ ጎናችን በትልልቅ ቀይ ፊደል «ትኩስ ዳቦ» እያለ በቀትር ገባን።

መጀመሪያ ማንበብ የሚችሉት ተነሱ። ከዚያ ማንበብ የማይችሉት የሚያነቡትን አይተው ተነሱ። ጂብሪል ማለፍ አልቻለም፣ ቆመ። ከበቡን። በሩን መቱ። ጎኗን መቱ። አየሩ ቆመ፤ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች በሰው ደረት ተደፈኑ። ቦራ በላብ ተጠመቀ፣ ተነፋ፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቱ ቱቦው ላይ ተደገፈ። ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ የአምናው ሳንቃ፣ ያልሰማሁት ድምፅ፣ ያኔ እንዴት እንደጮኸ ዛሬ ሰማሁት መሰለኝ።

ብሎኖቹ ያዙ።

ኦቦ ሙመ በነፋሱ ምክንያት ዘግተነው የነበረውን መስኮት ከፈቱት። ቦራ አንገቱን አወጣ። ውጭ ያለው ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ዳቦ የጠበቀ ሕዝብና ፈረስ ተፋጠጡ። ከፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት ናቸው ጸጥታውን የሰበሩት።

«እዩት!» አሉ። «የመንግሥት ዳቦ ጆሮ አለው!»

ሳቁ። ምን ያህል እንደሳቁ! እኔ ልሳቅ ብል አልሆነልኝም። ጎናቸው አጥንቱ የሚቆጠር ሰዎች ናቸው የሚስቁት።

ሽማግሌው የገብሱን ኩንታል ጎትተው ወደ በሩ አመጡ። «ኦቦ ሙመ፣ የፈረሱ መኖ ነው፤ በፊርማ ነው የወጣው» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ጽፌ ላስቀምጠው። አላዩኝም። «ፈረሴ ሳር ይበላል» አሉ። ገብሱን በጣሳ ለአሮጊቷ ጀመሩላቸው፣ በሰልፉ ቀጠሉ። ቀጥሎ የውሃውን በርሜል እኔ ራሴ ከፈትኩት። ለቦራ አንድ ባልዲ አስቀረን፤ በአንዱ ጣሳ ደግሞ ቅጠሉን አረጠብን።

ኩንታል ገብስ ለዚያ ሁሉ ሰው ምንም አይደለም። ከጀርባ ያሉት ሳይደርሳቸው አለቀ። ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ፀሐይ እስክትበርድ ከአንድ ግራር ሥር ቆመናል። ቦራ ላቡ ደርቋል። አዴ ሐሊማ ልክ ናት፤ ትኩሱ ከላይ ይወጣል። እኛ የቆምንበት ግን ከየት በኩል እንደሚበሳ አላውቅም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 27፣ ቦርደዴ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሁለቱንም ጽሑፎች በጭቃ ለቀለቅኋቸው። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር፤ ጭቃ ማመልከቻ አይጠይቅም።

ቦርደዴ ልንደርስ ስንል ያ ኩርባ መጣ። ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ሳላየው። ኦቦ ሙመ የጋቢናውን ላሜራ ደበደቡ። «አቁም፣ ጂብሪል። እዚህ ነው።»

ፈረሱን አወረዱት። የመንገዱ ዳር ትንሽ ገደል አለ፣ ድንጋይና እሾህ። ቦራ ቆሞ ሳር ቢጤ ፈለገ። ሽማግሌው ያን ኮረጆ ፈቱ። አንድ ክንድ የምትሆን የሳንቃ ስባሪ አወጡ።

አወቅኋት። አናጢ ሥራውን ያውቃል፤ ያፈረበትን ደግሞ ከሩቅ ያውቃል። ሦስት ሚስማሮች አሁንም አሉባት፣ ጫፋቸው ወደ ግራ ተቀልብሶ።

ሽማግሌው ነገሩኝ፤ አምና ልጓሙ ሲላክላቸው በእግራቸው እዚህ ድረስ መጥተው ነበር። ጉራቻን ሊቀብሩ ነው የመጡት፤ የሚቀበር ነገር አልቆየም፣ ይህን አገኙ። ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በደሳ ገበያ ሲወጡ የመንግሥት መጋዘኑን በር አዩ። በሩ ላይ ያለው ሚስማር ሁሉ ወደ ግራ የተኛ ነው። «ማነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ። «ግራኙ አሰፋ» አሏቸው።

ዓመት ሙሉ ለማንም ያላልኩትን ሰውዬው በኮረጆ ተሸክመውት ኖረዋል።

«ታዲያ፣ ኦቦ ሙመ፣ እኔ መሆኔን ካወቁ ለምን እኔን አስጠሩኝ?»

«ያልሰበረ አናጢ አይሰበርም ይላል» አሉ። «የሰበረ እንደሚሰበር ያውቃል።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የመጣው ቃል ግን ይቅርታ አልነበረም፤ ምን እንደነበረም አላውቅም፣ እንደ ሳል ያለ ነገር ነው። እጃቸውን አወዛወዙ። «በቃ፣ በቃ። ረቢ ሰምቷል። ፈረሱን አጠጣው።»

አጠጣሁት። ባልዲውን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪጨርስ።

ቦርደዴ ኬላ ስንደርስ ጠባቂው እየሮጠ ወጣ። «ፈረስ የጫናችሁት እናንተ ናችሁ? ስልክ ተደውሏል። የዘንድሮው ሰልፍ በሞተር ብቻ ነው ተብሏል። ፈረስ አያስፈልግም።»

«መቼ ነው የተደወለው?» አለ ጂብሪል።

«ቅዳሜ። ግን ቢሮው ዝግ ነበር።»

ጂብሪል መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። እኔ ስድስቱን ቀን፣ ጥፍሬን፣ ሃያ አራቱን ብሎን፣ የሚኤሶን ሰው አሰብኩ። ኦቦ ሙመ ግን ሳቁ። ካገኘኋቸው ጀምሮ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «መንግሥትም አንዳንዴ ይረሳል።»

ጠባቂው ሊያሳልፈን አልፈለገም። የይለፍ ወረቀታችን «ለመሄድ» ነው የሚለው፤ «ለመመለስ» አይልም። ተጨቃጭቀው እስኪጨርሱ እኔ ይህን እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28

ጠባቂው ማምሻውን ለቀቀን፤ ተመልሰናል። ሦስታችንም፣ አራተኛውም።

ዳገቱ ላይ ከ«ወደፊት!» አንዱን አየነው። አንድ ገበሬ የፍየሎቹ በረት በር አድርጎታል፤ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው። በላዩ አንዲት ፍየል አንገቷን አውጥታ ታየናለች። ጂብሪል ጡሩምባ ነፋላት።

አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ጓድ በላቸው ጠበቁን። ስለ ሰልፉ መቅረት ምንም አላሉም። ስለ ሁለቱ ሰሌዳዎች ግን የት እንደደረሱ በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ገብሱም ይጠየቃል። ኦቦ ሙመ «ገብሱን ፈረሱ በላው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ከዚያ አሰብ አድርገው፣ «የለም፣ ውሸት አትጻፍ። እኔ ሰጠሁ በል። እኔን ይጠይቁኝ» አሉ። ጓድ በላቸው አጠገባችን ቆመው እየሰሙ ነበር፤ ሳል መጣባቸውና ራቅ አሉ። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ሊመጣም፣ ላይመጣም ይችላል።

ቦራን አወረድነው። ሽማግሌው አሁን ሊጋልቡት ነው፤ ወደ በደሳ። ኮርቻውን ሊያነሱ ዞር ሲሉ ገመዱን ለቀቁት። ፈረሱ ዙሪያውን አየ። እኛን አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይገፋው፣ መወጣጫውን ወጥቶ ገባ፣ በሰያፍ ዞሮ ቆመ፣ በዳቦ መስኮት አንገቱን አወጣ። ስድስት ሰው የጣለ ፈረስ!

«ተው እንጂ፣ አንተ!» አሉ ኦቦ ሙመ። «ሊለምድብን ነው! ኮቱ፣ ውረድ!» ለመውረድ ከመግባቱ የባሰ አስለመነን።

ሲሄዱ ኮረጆው ባዶ ነበር። ሳንቃዋን መርገጫው ላይ ትተውልኝ ነው የሄዱት። ረስተዋት እንዳይሆን ብዬ ከኋላቸው ጠራኋቸው። እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ አልዞሩም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሦስቱን ሚስማሮች ልነቅል ጉጠት አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አስካለ መጥታ አየቻት፣ ምን እንደሆነች አልጠየቀችም። «ዛሬ በእንቅልፍህ ትለፈልፋለህ?» ብቻ አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት። «ጠዋት ንገሪኝ።»